ከሳጥኑ በፊት ብረቱን፦ ለዕለት ተዕለት መኪና የፍሬን ዲስክ አመራረጥ

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ ረፋድ ላይ። በአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ሦስት ጥንድ የፍሬን ዲስክ ተደርድሯል። አንደኛው ጥንድ በታወቀ የጃፓን መኪና አምራች ስም የታተመ ሳጥን አለው። ሁለተኛው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ዘይት ዘይት ይሸታል፤ የተለጠፈበት የፋብሪካ ስም ለሁሉም እንግዳ ነው። ሦስተኛው ሳጥንም ፕላስቲክም የለውም፤ ከተፈታታ መኪና የወጣ «ያገለገለ ኦሪጅናል» ነው። ደንበኛው በቪትዝ ራይድ የሚሠራ ወጣት ሲሆን፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በያዘ ቁጥር መሪው እጁ ላይ እየተርገበገበ አስቸግሮታል።

«የቱ ይሻለኛል?»

«እንደ ኪስህ ነው ወንድሜ። ኦሪጅናሉን ከወሰድክ ረስተኸው ትኖራለህ። ይሄኛውም ይሠራል፣ ብዙ ሰው ይወስደዋል። ያገለገለውን ካልክ ደግሞ እቀንስልሃለሁ።»

ወጣቱ ሳጥኑን ገልበጥ አድርጎ አየ፤ ዋጋውን በልቡ አሰላ፤ መሃለኛውን አስጠቀለለ። ሦስቱንም አንስቶ አልመዘነም፣ በጠርዛቸው በኩል አላያቸውም፣ አሮጌውን ዲስክም ይዞ አልመጣም። ባለሱቁም አልጠየቀውም። የተነጋገሩት ስለ ዋጋ ነው እንጂ ስለ ዲስክ አልነበረም።

የፍሬን ዲስክ መኪና ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ቀላሉ ነው ማለት ይቻላል። ሽቦ የለው፣ ጥርስ የለው፣ ክብ ብረት ነው። ስለዚህም ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት የግድ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለሁለት ነገር ነው፤ ሙቀት ለሚችል የብረት ብዛትና ለልኬት ትክክለኛነት። ቀለሙ፣ ቀዳዳውና ሳጥኑ ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ቁልቁለቱ የሚጠይቀው

ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይቱ ግፊቱን ወደ ካሊፐሩ ያደርሳል። ካሊፐሩም ሁለቱን ሸራዎች ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ግራና ቀኝ ያጣብቃል። መኪናው ይዞት የነበረው ጉልበት በፍትጊያው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱን ቀድሞ የሚቀበለውም ዲስኩ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ሰው ጭኖ 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን ትንሽ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢቆም 180 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢቆም ግን ወደ 500 ኪሎ ጁል ይጠጋል። ፍጥነቱ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ሙቀቱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደፊት ስለሚጋደም ከዚህ ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ የፊት ፍሬኖች ድርሻ ይሆናል። ሁለቱ የፊት ዲስኮች በድምሩ 10 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ መቆም ብቻ ሙቀታቸውን በ75 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል።

ይህንኑ መኪና ወደ ዓባይ በረሃ እንውሰደው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል። መኪናው እታች እስኪደርስ 18 ሜጋ ጁል ያህል ጉልበት ማራገፍ አለበት፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሠላሳ አምስት ጊዜ እንደ መቆም ነው። ጎማውና አየሩ ጥቂቱን ይወስዱለታል፤ የቀረውን ሞተሩና ፍሬኑ ይካፈሉታል። ሾፌሩ ማርሽ ሳይቀንስ እግሩን ፔዳሉ ላይ ጭኖ ከወረደ የሞተሩ ድርሻ ወደ ፍሬኑ ይዞራል። በመንገዱ ጠመዝማዛ ላይ የተቃጠለ ሸራ የሚሸተው ለዚህ ነው።

ዲስክ በዚህ ረገድ እንደ ድስት ነው፤ ስሱ ቶሎ ይግላል፣ ወፍራሙ ይችላል። ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ወይም በፋብሪካው ሻጋታ ታትሞ የሚገኘው የመጨረሻ ውፍረት ልክም የሚነበበው ከዚሁ አንጻር ነው። አዲስ ሲሆን 22 ሚሊ ሜትር የሆነ የፊት ዲስክ ብዙ ጊዜ መጣያ ልኩ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን አየር ማሳለፊያ ያለው ዲስክ መሃሉ ክፍት ስለሆነ፣ ከ22ቱ ሚሊ ሜትር ውስጥ ብረት የሆነው 13 ወይም 14 ያህሉ ብቻ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ሲበላ ሙቀት ከሚችለው ብረት ከሰባት አንድ እጁ ሄዷል። ከልኩ በታች የወረደ ዲስክ ከተማ ውስጥ ደህና ሊይዝ ይችላል፤ የሚከዳው ረጅም ቁልቁለት ላይ ነው።

ደጋው ደግሞ የራሱን ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ፔዳሉን የሚያግዘው ክብ ረዳት፣ ቡስተሩ፣ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ እገዛውም ይቀንሳል፣ ሾፌሩም ጠንከር አድርጎ መርገጥ ይኖርበታል። በዲስኩ መሃል የሚያልፈው አየርም ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለሆነ የማቀዝቀዝ አቅሙ ዝቅ ይላል። በባሕር ጠለል ላይ ላለ ከተማ ቅንጦት የሚመስል ሙሉ ውፍረት ያለው ዲስክ ለደጋ ሰው አስፈላጊ ነው።

ዲስኩ የያዘው ሙቀት በሸራውና በካሊፐሩ በኩል ወደ ፍሬን ዘይቱም ይደርሳል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲሄድ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዶት 4 በቅደም ተከተል 230 እና 155 ነው። ዘይቱ ከፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጨመቅ ይጠባል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ውድ ዲስክ ገዝቶ ዓመታት የቆየ ዘይት የሚተው ሰው ሥራውን ግማሽ ላይ አቁሟል።

ቀዳዳው፣ ቦዩና ቀለሙ

የዲስክ ፍሬን ሐሳብ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል። ሸራው መዳብ ስለነበር ይጮህ ነበር፤ የዚያን ዘመን አቧራማ መንገድም ቶሎ ይበላው ነበር። ዲስክ ዓለምን ያሳመነው ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር በደንሎፕ ዲስክ ፍሬን የፈረንሳዩን የለማን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ፤ በ1955 ደግሞ ሲትሮየን ዲኤስ በብዛት በተመረተ የቤት መኪና የፊት ጎማዎች ላይ ዲስክ ይዞ ወጣ። ከዲስክ በፊት የነበረው የታምቡር ፍሬን ሙቀቱን ውስጡ ሲያፍን ዲስክ ለአየር ክፍት ነው፤ የድሉ ምክንያት ይኸው ነበር።

ከውድድር ሜዳ ወደ ሱቅ መደርደሪያ የወረዱት የተበሱና ቦይ የወጣላቸው ዲስኮች ብዙ ሰው ያማልላሉ። የድሮ ሸራዎች በጣም ሲግሉ ጋዝ ይለቁ ነበር፤ ቀዳዳውም ለጋዙ መውጫ ሆኖ አገልግሏል። የዛሬ ሸራዎች ይህን ችግር በአብዛኛው አልፈውታል። ለቤት መኪና የቀረው የቀዳዳው ጉዳት ነው፤ ብረቱ ይቀንሳል፣ ሲግልና ሲቀዘቅዝም ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ነው። ቦይ ያለው ከተበሳው ይሻላል፤ የሸራውን ገጽ ይጠርጋል፤ ግን ሸራውን ቶሎ ይጨርሳል፣ ድምፅም አያጣውም። ካርቦን ሴራሚክ የሚባለው ደግሞ ለውድ የስፖርት መኪኖች የተሠራ በመሆኑ ከዚህ ወሬ ውጭ ነው።

ትርጉም ያላቸው ምርጫዎች ሌሎች ናቸው። የመጀመሪያው የዲስኩ ዓይነት ነው። ሁለት ገጽ ኖሮት መሃሉ አየር የሚያሳልፈው ለፊት፣ ድፍኑ ቀለል ላለው የኋላ ሥራ ይሆናል። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ዓይነት መቀየር የለበትም። ሁለተኛው ብረቱ ነው። አብዛኛው ዲስክ በቅርጽ የተቀዳ ግራጫ ብረት ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት የግራፋይት ቅንጣቶች ሙቀት እንዲያስተላልፍና ጩኸት እንዲያፍን ያደርጉታል። ካርቦኑ ከፍ ያለው ዓይነት ሙቀትን በተሻለ ይችላል፣ ድምፁም ዝቅ ይላል፤ የዋጋው ጭማሪ ከአቅም ካልወጣ ለተራራ ሰው ያዋጣዋል። ሦስተኛው የፀረ ዝገት ቅብ ነው። ፍሬን የሚነካውን ገጽ ሸራው ራሱ ይፍቀዋል፤ ቅቡ የሚጠቅመው ጠርዙን፣ የአየር ማሳለፊያውንና መሃለኛውን ኮፍያ ነው።

ባንኮኒው ላይ የሚታየው

ገዢው ከቤቱ ሲነሳ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ቢቻል ደግሞ አሮጌውን ዲስክ ይያዝ። «የቪትዝ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በአንድ ስም የሚጠሩ መኪኖች በዘመንና በሞተር መጠን የተለያየ ዲስክ ይይዛሉ። መመሳሰል ያለባቸው ስፋቱ፣ ውፍረቱ፣ የኮፍያው ቁመት፣ የመሃል ቀዳዳውና የቡሎን ቀዳዳዎቹ ናቸው። የኮፍያው ቁመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተለየ ዲስኩ ካሊፐሩ መሃል አይቀመጥም።

ቀጥሎ ዲስኩን አቁሞ በጠርዙ በኩል ማየት ነው። ከአየር ማሳለፊያው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ የብረት ገጾች እኩል ውፍረት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ ወፍሮ ሌላው ከሳሳ፣ ብረቱ ሲቀዳ የውስጥ ሻጋታው ተንሸራቷል ማለት ነው። ስሱ ገጽ ቀድሞ ይግላል፣ ዲስኩም ወደ አንድ ጎን ይንጋደዳል። ይህን ጉድለት የሚደብቅ ሳጥን የለም፤ ዓይን ብቻ ይበቃዋል። በአንዳንድ ዲስኮች ጠርዝ ላይ ተፍቆ የተነሳ ጎድጓዳ ሲታይ ግን መደንገጥ አያስፈልግም፤ ፋብሪካው ሚዛን ያስተካከለበት ነው።

የቀረቡትን አማራጮች በየተራ አንስቶ፣ ከተቻለም በሚዛን አስቀምጦ ማወዳደር ቀጣዩ ነው። ተመሳሳይ ልኬት አለው የተባለ አዲስ ዲስክ ከሌላው በግልጽ ከቀለለ ከአንድ ቦታ ብረት ጎድሎታል። የመጨረሻ ውፍረት ልኩ ያልተጻፈበትን ዲስክም መጠራጠር ተገቢ ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተፈቀዱ ተተኪ ዲስኮች በክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ፊደልና የአገር ቁጥር፣ ከጎኑም 90 የሚል የደንብ ቁጥር ያለበት የማጽደቂያ ምልክት አላቸው። ምልክት ሊመሳሰል ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ክብደቱና ጠርዙም ከመሰከሩለት ግን እምነት ይጨምራል።

«ያገለገለ ኦሪጅናል»ስ? የሚፈረደው በመለኪያ ነው። ከላይ የጠቀስነው የ22 ሚሊ ሜትር ዲስክ 21 ላይ ከተገኘ ግማሽ ዕድሜው አልቋል፤ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት። ሲለካ ሸራው የሚነካውን ገጽ መሃል ነው እንጂ ውጫዊውን ከንፈር አይደለም። ከንፈሩ ሸራ ስለማይደርሰው አዲስ እንደሆነ ይቀራል፤ ቸኩሎ የለካን ሰው ያታልላል። ስንጥቅ፣ ሙቀት ያጠቆረው ሰማያዊ ነቁጥ ወይም ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት ካለበት ርካሽነቱ አያዋጣም።

ቶርኖ ቤት ወስዶ የማስላጥ ምርጫም አለ። ከተላጠ በኋላ ከመጣያ ልኩ በላይ በቂ ብረት የሚቀር ከሆነና ባለሙያው በጥንቃቄ ከሠራው ያስኬዳል። ልኩ ጫፍ ላይ የቆመን ዲስክ ማስላጥ ግን ገንዘብ ከፍሎ ብረት መጣል ነው።

«ዲስኩ ጠሟል»

መሪው የሚርገበገብበት ሰው ጋራዥ ሲደርስ የሚሰማው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ዲስኩ ጠሟል፣ ቀይር።» የቪትዙ ወጣትም ሱቅ የሄደው በዚህ ቃል ነው። ዲስክ በሙቀት የሚጣመምበት ጊዜ አለ። ከብዙው እርግብግቢት ጀርባ ያለው ግን መጣመም ሳይሆን የውፍረት አለመመጣጠን ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው ዲስኩ በተገጠመበት ቀን ነው።

አንድ ጋራዥ ውስጥ የታየው ነገሩን ያስረዳል። ተለማማጁ የፊት ጎማ አውርዶ ካሊፐሩን በሽቦ አንጠልጥሏል። ዲስኩ ግን ዝጎ ተጣብቋልና መዶሻ አነሳ።

«ተው!» አሉት በዕድሜ ጠና ያሉት መካኒክ። «ኩሽኔታውን ልትገድለው ነው? ሁለት ቡሎን አምጣ።»

«የትኛውን ጋሼ?»

«ስምንቱን። ኮፍያው ላይ ጥርስ ያለው ቀዳዳ አይታይህም?»

ቡሎኖቹ በተራ በተራ ሲጠብቁ ዲስኩ ቀጭ ብሎ ለቀቀ። ከሥሩ የወጣው ሞዞ፣ ዲስኩ የሚቀመጥበት ማዕከል፣ ቡናማ የዝገት ቅርፊት ለብሷል። ተለማማጁ አዲሱን ዲስክ ሊያስገባ ሲል ሽማግሌው ድጋሚ አስቆሙት፤ የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ሰጡት። ቡሎኖቹ ሥር ያለው ሁሉ ነጣ እስኪል ድረስ አስፈገፈጉት። ከዚያ ዲስኩ ገባ፣ በዳዶዎች ጠበቀ፣ ሰዓት የመሰለች መለኪያ ጫፏ ዲስኩን እንዲነካ ተደርጋ ታሰረች። ሽማግሌው ዲስኩን በእጃቸው ዝግ አድርገው አዞሩት። መርፌዋ ጥቂት ነቅነቅ አለች፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ አላለፈችም። በዚያን ጊዜ ነው ካሊፐሩ እንዲመለስ የፈቀዱት።

ያቺ የአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ፣ 0.05 ሚሊ ሜትር፣ ለብዙ ትናንሽ መኪኖች የተፈቀደው የውልግደት፣ ማለትም ዲስኩ ሲዞር ግራና ቀኝ የመወዛወዙ፣ ጣሪያ ናት። ሞዞው ላይ የቀረች የዝገት ፍርፋሪ ዲስኩን ከመሃሉ ታጋድለዋለች፤ መጋደሉም ጠርዙ ላይ ሲደርስ እጥፍ ወደ መሆን ይጠጋል። መኪናው በሄደ ቁጥር፣ ፍሬን ባይያዝም፣ የተጋደለው ክፍል በየዙሩ ሸራውን እየነካ ያልፋል። አንዱ ቦታ ይሳሳል፣ ሌላው ቦታ ላይ የሸራ ቅሪት ይጋገራል። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ብዙም ያልበለጠ የውፍረት ልዩነት መሪ ለመነቅነቅ ይበቃል። ችግሩ የሚሰማው ከገጠማው ወራት ዘግይቶ ስለሆነ ገጣሚው አይጠረጠርም፤ ዲስኩ ይወቀሳል፣ ባለመኪናውም ይበልጥ ውድ የሆነውን ይገዛል፣ ያም በዝገቱ ላይ ይጫናል።

የጎማ ዳዶ አጠባበቅም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በአንድ ወገን ጀምሮ ዞሮ የጠበቀ፣ ወይም በረጅም ቧንቧ ያለ ልክ የተጠመዘዘ ዳዶ ዲስኩን ያጣምማል። ዳዶዎች በአንጻር በአንጻር፣ በሚለካ ቁልፍ ነው የሚጠበቁት፤ ለቶዮታ ትናንሽ መኪኖች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

አዲስ ዲስክ በጥንድ፣ ከአዲስ ሸራ ጋር ይቀየራል። ገጹ ላይ ያለው የመከላከያ ዘይት በፍሬን ማጽጃ ይታጠባል። ከዚያ ጭር ባለ መንገድ ከ50 ወይም ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 ያህል ደጋግሞ በመጠኑ ማብረድ፣ መሃል ላይ እያስኬዱ ማቀዝቀዝ፣ ሙሉ በሙሉም ቆሞ ፔዳል ረግጦ አለመቆየት ሸራውንና ዲስኩን ያስማማል። ከቁልቁለት ወርዶ በቀጥታ ላቫጆ ገብቶ በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማስረጨት ደግሞ ብረቱን ለስንጥቅ ይዳርገዋል።

ኤሌክትሪኩ የገለበጠው ሒሳብ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የዲስኩ ጥያቄ ሁለት መልክ ይዟል። አሮጌዎቹ ቪትዝና ኮሮላዎች ረዘም ላለ ዘመን መሥራት ስላለባቸው የተተኪ ዲስክ ጉዳይ ይበልጥ ይመለከታቸዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሲያበርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ጉልበቱን ለባትሪው ይመልሳል፤ ዲስኩ ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ ዲስክ ደግሞ በክረምት ይዝጋል። ፎልክስቫገን አይዲ 4ን ከኋላ በታምቡር የሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ታምቡር ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ሥራ ፈትቶም ከዝገት ይተርፋል። ለእነዚህ መኪኖች የፀረ ዝገት ቅብ ከቅንጦት ወደ አስፈላጊነት ይሸጋገራል። አልፎ አልፎም ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ይዞ የዲስኩን ገጽ መፋቅ ይበጃል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለስ ጉልበት የሚያስቀምጥበት ቦታ አይኖረውም። ከፍታ ላይ ባትሪ ሞልቶ ቁልቁለት የሚጀምር ሰው የለመደው የሞተር እገዛ ሊቀርበት ይችላል፤ ከባዱ መኪና በሙሉ ዲስኩ ላይ ይወድቃል።

ፍርዱ

ለዕለት ተዕለት መኪና የሚመከረው ዲስክ ያልተበሳ፣ ቦይ የሌለው፣ ከፋብሪካው ልኬት ጋር አንድ የሆነ፣ ሁለቱ ገጾቹ እኩል የወፈሩ፣ የመጨረሻ ውፍረቱ የተጻፈበት ተራ ዲስክ ነው። በታወቀ ስም ቢገኝ መልካም፤ ስሙ ካልታወቀ ክብደቱና ጠርዙ ይመስክሩለት። ከተበሳው ዲስክ ላይ የተረፈው ገንዘብ ለጥሩ ሸራና ለአዲስ የፍሬን ዘይት ይዋል። ባለመኪናውም ጋራዥ ውስጥ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ አይፈር፤ «ሞዞው ተፈግፍጓል? ውልግደቱ ተለክቷል?» መልሱን በዓይኑ ሳያይ ሒሳብ አይክፈል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊትም ማርሽ ይቀንስ።